የሐይቅ ዳሩ ቅርንጫፍ ለምን ተረፈ

ሐዋሳ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው «ቀጠሮ ቡና» ተቀምጦ ሰው ሳይጠብቅ አልቀረም። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ በነበረችው የመጀመሪያዋ ቤታችን ስንቱ ተማሪ ፍቅረኛውን ጠብቋል፤ ስንቱ ደግሞ ጠብቆ ጠብቆ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞበት፣ ብቻውን ወጥቷል። ስሙንም ያወጡልን ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ «ሰናይት ቡና» ልለው ነበር። «ቀጠሯችን እዚያች ቤት ይሁን» ሲባባሉ ሲባባሉ ስሙ ቀጠሮ ሆኖ ቀረ። እኔም እልህ ሳልጋባ ታፔላው ላይ አጻፍኩት።

ባለቤቷ እኔ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል።

የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ቅዳሜ ነው። ከዚያች ቅዳሜ በፊት የነበረችው ሰናይት ሌላ ሰው ነበረች፤ እሷን ካላወቃችኋት የሆነው ነገር ሁሉ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ላስተዋውቃችሁ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ የመጣሁት ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ነው። እሱ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ ምደባው እዚህ ደረሰው። እሱ ለልጆች ካርታ ሲያስተምር እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት አልሆነልኝም። አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየሁና ቡና መሸጥ ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ የተቆላ ቡና ከገበያ ገዝተው ያፈላሉ፤ እኔ ግን ጥሬውን ገዝቼ ራሴው እቆላለሁ። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነበር፣ በቃ።

እኔ ቡና በሰዓት አልቆላም። ሰዓት የሚያዩ አሉ፣ ቀለም የሚያዩ አሉ፤ እኔ በአፍንጫዬ ነው የምቆላው። ቡና እሳት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። ቀጥሎ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይሸታል። ከዚያ መንጣጣት ሲጀምር አንድ ስም ያላገኘሁለት ጣፋጭ ነገር ብቅ ይላል፤ እሱ ብቅ ሲል በርሜሉን ከፍቶ ማውጣት ነው። ትንሽ ከዘገየህ አለቀልህ። ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጠብቀው። ሠራተኞቼ በሌለሁበት «አፍንጫ መጣች» ይባባላሉ ሲሉኝ ቅር የሚለኝ የሚመስላቸው ነበሩ። ኧረ ደስ ነው ያለኝ!

ቤታችን ሞላች። እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሠፈር ሁለተኛውን ከፈትን፣ ሐይቅ ዳር ሦስተኛውን። ከዚያ ሻሸመኔ ጠራን፣ ዲላ ጠራን፣ ሶዶ ጠራን። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ቡሹሎ ላይ ትልቅ የቡና መቁያ አስተከልን፤ የሁሉም ቅርንጫፍ ቡና ከዚያ፣ ከእኔ እጅ ይወጣል። ሰው አሠልጥኚ ብለው ያልመከሩኝ የለም። «አፍንጫ አይሠለጥንም» እል ነበር፣ አፌን ሞልቼ።

መውደቅ የጀመርነው ከሶዶ ነው። ሶዶ ሲዘጋ መንገዱ ነው አልኩ። ዲላ ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ ሰነፍ ነው አልኩ። ሻሸመኔ ላይ ፉክክሩን፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጁስ የለመደውን ተማሪ፣ አዲስ ከተማ ላይ የሕንፃውን ባለቤት ወቀስኩ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ለቡናው ጥያቄ ሲነሣም መልስ ነበረኝ፤ ገበሬው ቡናውን በደንብ አላደረቀውም፣ ዝናቡ ተዛብቷል፣ የዘንድሮ ቡና ሰንፏል። እውነትም የሰነፈ ይመስለኝ ነበር። ያ ጣፋጭ ነገር ቶሎ አይመጣልኝም፤ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። የሐይቅ ዳሩ ቅርንጫፍ እንደ ድሮው ሞልቶ ይውላል። ያው ቡና፣ ያው ጆንያ፣ ያው የእኔ እጅ። ስለዚህ ጥፋቱ የሰው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሌሎቹን ሰብስቤም «እንደ ሐይቅ ዳሮቹ ለምን አትሠሩም?» ብዬ አንባርቄባቸዋለሁ። እዚያ ማሽኑ ላይ የምትቆመው ብርቱካን የቡሹሎ ልጅ ናት፤ በሥራዋ ማንም አይደርስባትም። የእሷን ስም እያነሣሁ ስንቱን አሸማቅቄያለሁ። እሷ ግን ሳመሰግናት አንገቷን ትደፋለች። ጨዋነቷ ነው እል ነበር።

ታደሰ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንዲት ሥራ ለራሱ ወስዷል። አርብ አርብ ቡሹሎ ስቆላ እየጠበቀ የሐይቅ ዳሩን ጆንያ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይወስዳል። «ሰው እንላክ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ» ስለው፣ «እግሬን ላፍታታበት» ይለኛል። ከዚያ እዚያው ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ሲጫወት ይውላል። አንዳንዴ ጣቱ ተቃጥሎ ይመጣል። «ጄኔሬተሩን ስነካካ ነው» ይላል። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከጄኔሬተር ጋር ምን አገናኘው ብዬ እስቅበታለሁ።

እንግዲህ ወደዚያች ቅዳሜ እንምጣ።

አቶ ዘሪሁን ሐይቁ ዳር ሆቴሎች ያሉት ሰው ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሐይቅ ዳር ቤታችን ቡና ጠጥቶ ወዶታል፣ ለሆቴሎቹ በሙሉ የሚሆን ቡና ከእኛ ሊወስድ አስቧል። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ቀምሶ ሊቆርጥ ነው። ይህ ሰው እሺ ካለ ቡሹሎ ይኖራል፣ የቀሩት ሠራተኞች ይኖራሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የተዘጉትን በሮች መክፈት እንጀምራለን። እምቢ ካለ መቁያውን ለመዝጋት ወስነን ነበር። ቡሹሎ ከተዘጋ ደግሞ ሐይቅ ዳርም የማን ቡና ትሸጣለች? አለቀልን ማለት ነው።

አርብ ዕለት የቆላሁትን ያህል ተጠንቅቄ ቆልቼ አላውቅም። ጥሬ ቡናውን በእጄ ለቀምኩት። እሳቱን ራሴ አስተካከልኩ። በርሜሉ መሽከርከር ሲጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። ታደሰ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ቡናው ተንጣጣ። ጠበቅኩ።

«ሰኒ፣ ይበቃው ይሆን?» አለኝ።

ዓይኔን ገልጬ አየሁት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በቡናዬ ገብቶ አያውቅም። «አንተ ካርታህን አንብብ» አልኩት። ሳቅ አለ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም፤ እኔ እንግዳው አስጨንቆት ነው ብዬ አለፍኩት። ሽታው መጣልኝ ያልኩት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። መጣልኝ ነው ያልኩት፤ ዛሬ ሳስበው ምን እንደመጣልኝ አላውቅም። ምናልባት ትዝታው ይሆናል።

እንደ ልማዱ ጆንያውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ከለከልኩት። «የነገውን እኔው ራሴ እወስደዋለሁ። ከእጄ አይወጣም።»

«ኧረ እኔ እያለሁ...»

«አይሆንም ብያለሁ ታደሰ!»

ያን ቀን ቡናውን ይዤው ወደ ቤት ገባሁ። ጠዋት ስነሣ ታደሰ ጆንያዋ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። «ምነው?» ስለው «ጫማዬን ፍለጋ» አለኝ። ጫማው እግሩ ላይ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ጆንያዋን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ታደሰ አሁንም አሁንም ይንቆራጠጣል። መንገድ ላይ ስልኬን ረስቻለሁ ብሎ እንመለስ አለ፤ ስደውልለት ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ታደሰ ብቻ ወደ ሐይቁ ዞሮ ቀረ።

ሐይቅ ዳር ስንደርስ ቤቱ ገና ጠዋት ሞልቷል። ብርቱካን ጆንያዋን ታቅፌ ስታየኝ ወደ ታደሰ አየች። ታደሰ ትከሻውን ሰበቀ። ይህን አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

«እትዬ፣ መፍጫው ላይ ያለው ገና አላለቀም» አለችኝ ብርቱካን። «እንግዳውን በሱ እናስተናግድና የእርስዎን...»

«ለእንግዳዬ የከረመ ቡና ላቀርብ ነው? አውጪው!»

ሲጨንቃት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ማጉተምተም ትወዳለች። እያጉተመተመች ቆመች። እኔው ራሴ ገብቼ የመፍጫውን ክዳን ከፈትኩና ያለውን ሳህን ላይ ገለበጥኩት።

ቡናው የእኔ አልነበረም። ሽታ አይደለም ያሳወቀኝ፤ ዓይኔ ነው። ቀይ ዳማ ነው፣ እዚህም እዚያም ወጥ ያልሆነ፣ አንዳንዱ ፍሬ ከጓደኛው የነጣ። የእኔ ቡና ጥቁርና አንጸባራቂ ነው።

«ይኼ የማን ቡና ነው?»

ብርቱካን ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ብርቱካን፣ አንቺን ነው የምጠይቅሽ። የእኔ ቡና የት ገባ?»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ቡናዬን ሸጣችሁ ይኼን አሠር ነው ለደንበኞቼ የምታጠጡት? በስሜ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደንበኞች ዞር ዞር ብለው አዩን። ታደሰ ክንዴን ይዞ «ሰኒ፣ በእናትሽ፣ ቀስ በይ፣ እሷ ምንም አላደረገችም» አለኝ። «አንተ በምን አወቅክ?» ብዬ ልጮህበት አፌን ስከፍት በሩ ላይ አቶ ዘሪሁን ታየ። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ እየሳቀ መጣ።

በዓለም ላይ እንግዳ ፊት ነገር ማንሣት የማይችል ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። ሁላችንም በአንድ አፍታ ፈገግ አልን። ብርቱካን እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ «እንኳን ደህና መጡ» አለች። ወንበር ተሳበ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። እኔ የራሴን ቡና ከጆንያዋ ዝቄ መፍጫው ላይ አፈሰስኩና ብርቱካንን በዓይኔ አዘዝኳት። ሠራችው።

አቶ ዘሪሁን ስኒውን አነሣ። አንድ ጊዜ ፉት አለ። ከዚያ ስኳር ጨመረ፣ አማሰለ፣ እንደገና ጨመረ። የቀረውን ግን ሳያቋርጥ ጠጥቶ ጨረሰው፣ ባዶ ስኒውንም አስቀመጠ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «እንግዲህ ከመቼ እንጀምር?» አልኩት።

«እንነጋገራለን፣ እትዬ ሰናይት። እደውልልዎታለሁ።»

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። እደውላለሁ ያለ ሰው አይደውልም። ሊነሣ ወንበሩን ገፋ አደረገ። ቡሹሎ፣ ሠራተኞቹ፣ ታፔላው፣ ሁሉም ከእሱ ጋር ሊነሡ ነው።

«ምነው? ያልጣመዎት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፣ የለም! እንዲያው ባለፈው ከልጆቼ ጋር የጠጣነው ትንሽ ለየት ያለ ስለመሰለኝ ነው።»

ያኔ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ይህ ሰው ባለፈው የጠጣው ያንን አሠር ነው፤ አሁን የእኔን ቡና የሚመዝነው በሱ ነው። የሠራተኞቼ ሌብነት ሊቀብረኝ ነው። ንዴትና ፍርሃት አንድ ላይ ወጡብኝ።

«አቶ ዘሪሁን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቀመጡ። ባለፈው የጠጡት የእኔ ቡና አልነበረም። ሠራተኞቼ አታለውኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የደረስኩበት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ላቅርብልዎትና ልዩነቱን ራስዎ ይፍረዱ።»

«ሰኒ፣ ተይው» አለ ታደሰ።

«አልተውም!»

«ሰኒ፣ እባክሽን!» ብርቱካን ወደ እሱ አየች። እሱ መሬት አየ። እኔ ግን ከሌባ ጋር የተባበረ ባል ነው የታየኝ፤ አላዘንኩለትም።

ብርቱካን መፍጫውን ጠርጋ ከሳህኑ ቡና አንድ ስኒ ሠራች፣ ከእኔም ቡና ሌላ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ የእኔን በቀኝ። ለእሱ ግን የትኛው የማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ፍርዱ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።

አቶ ዘሪሁን እኔን አየኝ፣ ታደሰን አየ። ማምለጫ እንደሚፈልግ ሰው በሩንም አየ። ከዚያ ቀኙን ፉት አለ፣ ግራውን ፉት አለ። በመጨረሻ ቀኙን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገውና ግራውን ስኒ ወደ ራሱ አቅርቦ ጠጣው። ስኳር አልጨመረም።

«ይኼኛው ነው» አለ።

«ተሳስተዋል» አልኩት እየሳቅሁ። «እሱ እኮ የእነሱ ነው።»

አልሳቀም። «እትዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኼ የቀኙ አሯል። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ ይሸታል እኮ። ለእርስዎ አይሸትዎትም?»

ለእኔ? «አፍንጫ» ለሚሉኝ? ሁለቱንም ስኒ አነሣሁ። የእኔን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ትኩስ እንፋሎት ፊቴን ነካኝ። ሌላውን አስጠጋሁት። ትኩስ እንፋሎት ፊቴን ነካኝ።

እንደገና አሸተትኩ። ቦታ ቀያየርኳቸው፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በረጅሙ ሳብኩ። ሙቅ ውሃ። ሁለቱም ሙቅ ውሃ ናቸው።

ተነሥቼ ከማሽኑ ኋላ ገባሁ። የከፈትኩት የቡና ጆንያ ውስጥ ፊቴን ደፋሁ። ምንም። ከመታጠቢያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ አውጥቼ ከፈትኩ፣ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን ቆነጠጠኝ። ሽታ ግን የለም። ብርቱካን ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀችኝና አቀፈችኝ። ትንሽ ቀደም ብዬ ሌባ ያልኳት ልጅ «አይዞዎት እትዬ፣ አይዞዎት» እያለች ጀርባዬን ትዳብሳለች። ልጩህ አልኩ፣ ምን ብዬ? ማንን ልክሰስ?

ስመለስ አቶ ዘሪሁን ታደሰን በቀስታ ሲጠይቀው ሰማሁ። «ይኼን የቆላው ማን ነው?»

ታደሰ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ጣቶቹ ላይ ያሉትን ጠባሳዎች ያን ጊዜ ነው አንድ በአንድ ያየሁት።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሷን ሳይ ኖሬ የተማርኩትን ያህል ነው።»

አቶ ዘሪሁን ፊቱ በራ። ለአንድ አፍታ እኔም ተስፋ አደረግኩ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። «እንግዲያው እርስዎ ለሆቴሎቹ...»

«አልችልም፣ ልጄ። ያለችኝ በእጅ የምትዞር ትንሽ በርሜል ናት። ለዚህች ቤት እንኳ ስንቴ አበላሽቻለሁ። ዓይኔም እየደከመ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብሠራ ያንተን የአንድ ቀን አልሞላም።»

አቶ ዘሪሁን ጨዋ ሰው ነው። ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠን፣ እኔን ጉንጬን ሳመኝ፣ ወጣ። እደውላለሁ አላለም።

ታደሰና እኔ ተቀመጥን። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ማሽኑ ይጮኻል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ያን ክፉ ጉንፋን ከታመምሽ ወዲህ እየቀነሰብሽ የሄደ ይመስለኛል። እኔ ያወቅኩት ሻሸመኔ ሊዘጋ ሲል ነው። ቡሹሎ መጣሁ፤ አጠገብሽ የፕላስቲክ ጆግ እሳት ነክቶት ይቀልጣል። ግቢው በሙሉ ሸቷል። አንቺ እዚያው ቆመሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቡናውን ታሸቻለሽ። ጆጉን አንሥቼ ወደ ውጭ ወረወርኩት። ምን ሆንክ አልሽኝ። ምንም አልኩሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታደሰ?»

«ስንቴ ልነግርሽ መጥቻለሁ! ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ አይሻለሁ። ፊትሽ ላይ ያለውን አንቺ አታይውም፣ እኔ ነኝ የማየው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ሌሎቹስ? የዩኒቨርሲቲው በርስ፣ አዲስ ከተማስ? ዝም ብለህ ስታይ?»

«አንድ ሰው ነኝ ሰኒ። አንዷን ብቻ ነው ማዳን የቻልኩት። ሐይቅ ዳርን የመረጥኩት አንቺ ስለምትወጃት ነው።»

ልቆጣው ፈለግኩ፣ አቅም አጣሁ። ልስመው ፈለግኩ፣ እሱም አቃተኝ።

ኋላ በጓሮ በኩል ይዞኝ ሄደ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከባዶ የለስላሳ ሳጥኖች ኋላ፣ የእሱ በርሜል ቆማለች፤ አርብ አርብ ዳማ የሚጫወትባት። ውጭ ደግሞ አቮካዶው ሥር ከምድሩ ከፍ ያለ ጥቁር ነገር አየሁ። አፈር መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ዘገንኩት። የተቆላ ቡና ነው። የእኔ ቡና፣ የስንት አርብ ቡና፣ ከታች ያለው በስብሶ ከላይ ያለው ገና እያንጸባረቀ። «መጣል አልሆነልኝም» አለ ታደሰ ከኋላዬ። «ለዛፉ ይጠቅማል አሉኝ።» እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ብርቱካን ደንበኛ ሲጠራት እንኳ ሳትገባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ሐኪሙ መርምሮኝ፣ ብዙ ጊዜ አልፎታል፣ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም አለኝ። ቡሹሎ ተዘጋ። ሐይቅ ዳርን ብርቱካን በምትችለው መንገድ እናቆያት ብላ ከሌላ ቦታ የተቆላ ቡና ለማስመጣት ሞከረች። ደንበኛው ግን የታደሰን ወጣ ገባ ቡና ለምዶታል፤ እየተንጠባጠበ ቀረ። የታደሰ ዓይን ደግሞ በርሜሏን የሚያስጠጋው አልሆነም። ታፔላውን ሲያወርዱ አልሄድኩም። ዛሬ እዚያ ቦታ ሌላ ካፌ አለ፣ ሞልቶም ይውላል አሉ። ብርቱካን እዚያ ተቀጥራለች። እኔም ደስ ብሎኛል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የቅርባችሁ ሰው ሳያውቀው አንድ ነገር ከእጁ እየወጣ ከሆነ ንገሩት ልላችሁ ነበር የተነሣሁት። ግን ራሴን ስጠይቅ፣ ታደሰ ያኔ ቢነግረኝ እሰማው ነበር? «ይበቃው ይሆን?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ምክር የለኝም። የደረሰብኝን ነው የነገርኳችሁ። እንዲያው ግን ዛሬ ቤታችሁ የሚሸተውን ነገር ሁሉ፣ ሽንኩርቱንም፣ ሳሙናውንም፣ የልጃችሁን ፀጉርም፣ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጉልኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ለሁለታችን ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። ታደሰን ዓይኑ ስለደከመ እሳት አላስነካውም። የምቆላው በቀለም ነው፣ ድሮ እንደምቀልድባቸው ሰዎች። ቀድቼ አቀርብለትና ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

«እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«በጣም ጥሩ ነው» ይለኛል፣ ጠጥቶም ይጨርሰዋል። ባዶ ስኒውን አንሥቼ ውስጡን አየዋለሁ። አቶ ዘሪሁንም ያን ቀን የመጀመሪያውን ስኒ ጠጥቶ ጨርሶት ነበር።